ውበትና ሸክም

ፎቶግራፍ አንሺ ውበትን ያገኛል ወይስ ይፈጥራል? ጥያቄው ያረጀ ቢመስልም ካሜራውን አንግቶ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚወጣ ሰው በየመንገዱ ይታደሳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ጎንደር ስማቸው በጎብኚ ዘንድ የገነነ ሥፍራዎች አይደሉም። ለዓይን የሚያቀርቡት የዕለት ኑሯቸውን ነው። በአምቦ መንገድ፣ ከቡራዩ አጠገብ፣ በ1930ዎቹ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የተገደበው ገፈርሳ ሲነጋ ሰማዩን በሙሉ ተቀብሎ ጸጥ ይላል፤ አንዲት ወፍ ስታርፍበት ያ ሁሉ ሰማይ ይሰበራል። ከእንጦጦ ማዶ የሱሉልታ ሜዳ በኅዳር ማለዳ አመዳይ ለብሶ ይቆያል፤ ሯጮች ከጭጋጉ ብቅ ብለው ተመልሰው ይሰወሩበታል። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ማልዶ መነሣት ይበቃል።

የሰው ልጅ በፎቶግራፉ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሠዓሊ እንጨት የተሸከመች ሴት ከአሳቡ አመንጭቶ በሸራ ላይ ሊያቆም ይችላል። ፎቶግራፍ ግን በሌንሱ ፊት የቆመች አንዲት ሴት ከሌለች የለም። (የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ብሎት ከሥዕል ወደ ካሜራ የተሻገረው ሚካኤል ጸጋዬ ይህን ልዩነት ከብዙዎቻችን ይልቅ ሳያውቀው አይቀርም።)

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወደ ሱሉልታ ስጓዝ ከተዳፋቱ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ አነሣሁ። በባሕር ዛፉ መካከል የሾለከው ብርሃን በአንገቷና በተሸከመችው ጭራሮ ላይ አርፎ ነበር። ፎቶግራፉን በቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። ያ ያማረ ደን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ የአዲሲቱን ከተማ የማገዶ እጦት ለማቃለል ከውጭ ከመጣ ተክል የተገኘ መሆኑን፣ የእንዲህ ያሉ ሴቶች ሸክምም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የማያንስ መሆኑን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አላነሣሁትም።

ከዓመታት በኋላ ከሰበታ ስመለስ፣ በአውቶቡስ ውስጥ በዚያው ከተማ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ከጎኔ ተቀመጠ። የካሜራው ማንገቻ ነክቶት ኖሮ ምን እንደማነሣ ጠየቀኝ። የምኮራበትን ፎቶግራፍ በቃል ልሥልለት ሞከርሁ። ስለ ብርሃኑ ስናገር በትዕግሥት አዳመጠኝና፣

«እንጨቱ እርጥብ ነበር ደረቅ?» አለኝ።

አላውቅም አልሁት።

«ዳገት ላይ ነበረች ቁልቁለት?»

«ቁልቁለት ይመስለኛል።»

«ጉልበት የሚከዳው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እናቴ ዳገቱን ትመርጥ ነበር። ለመሆኑ ጋሼ፣ እየሄደች አነሧት ወይስ ቆመችልዎ?»

ቆማልኝ ነበር። ፀሐዩ ከደመና እስኪወጣ «ትንሽ ቆዪልኝ» ብያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድኃን ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው ከሚሉት ጋር ልስማማ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እነርሱ እንደሚሉት ከሆነ ውበት ለደላው ሰው ብቻ የተፈቀደ ይሆናል፤ ያቺም ሴት ሸክሟ አንሶ መታየቷን ጭምር ትነፈጋለች። የአንገቷ ቀጥታ እውነት ነበር፤ ብርሃኑም እውነት ነበር። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ፎቶግራፉ ያማረው እርስዋ በከፈለችው ደቂቃ ሲሆን፣ ምስጋናውን ግን ስቀበል የኖርሁት እኔ ነበርሁ።

ፎቶግራፉ ዛሬም ከግድግዳው አልወረደም። በጀርባው ቀኑንና የሌንሱን መጠን ጽፌበት ነበር። አሁን ከዚያ በታች፣ «ከነሸክሟ ቆማ ጠበቀችኝ» የሚል ጨምሬበታለሁ።