ገንዘብ በእጅ ፈንታ ይቆማልን?

የብዙ ሰዎች የሆነ ሀብት የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ «የሁሉም ነው» መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን የሁሉም የተባለው ነገር ውሎ ሲያድር የማንም ሳይሆን ሲቀር እናያለን። እንግዲህ ሰው የጋራ ሀብት ባለቤት የሚሆነው በከፈለው ገንዘብ ነውን ወይስ በሰጠው አገልግሎት? ይህን ለመመርመር የሚረዳ ምሳሌ ከስካንዲናቪያ አገሮች እናገኛለን።

በስዊድንና በኖርዌይ ጠረፍ የሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ትንንሽ ወደቦችን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። በ1830 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተመሠረተውን ንጉሣዊ የስዊድን የሸራ ጀልባ ማኅበር የመሰሉ ታላላቆች ቢኖሩም፥ ብዙዎቹ የተራ ሰዎች ማኅበሮች ናቸው። በስቶክሆልም አካባቢ በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ ስለሚሆን፥ ጀልባዎቹ ብርዱ ሳይገባ በክሬን ተነሥተው በየብስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ብርዱም ሲያልፍ ወደ ውሃ ይመለሳሉ። ጀልባ የሚታሰርበትን የሳንቃ መተላለፊያ መጠገን፥ ግቢውን መጥረግ፥ በብዙዎቹም ዘንድ ሌሊት በተራ ወደቡን መጠበቅ የአባሎች ግዴታ ነው። ተራውን ያጓደለ መቀጮ ይከፍላል። ኖርዌያውያን እንዲህ ያለውን የኅብረት ሥራ ዱግናድ ይሉታል፤ ደቦንና ወንፈልን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

አሁን አንድ ሥራ የበዛበት ሐኪም ተነሥቶ፥ «የዘበኛ ደመወዝ ልክፈልና ተራዬን ተዉልኝ፤ ወደቡም ከእኔ ይልቅ በለመደ ዘበኛ ቢጠበቅ ይሻላል» ቢል ምን ይመለስለታል? ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። በዚያች ሌሊት አንድ በሽተኛ ቢያድን ወደብ ከመጠበቅ የበለጠ ሥራ ሠራ፤ የሚከፍለውም ገንዘብ የድካሙ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይጎድላሉ። የመጀመሪያው ዕውቀት ነው። ዘበኛው የበሰበሰውን ሳንቃ ሊያይ ይችላል፤ በጉባኤ ግን ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለው አባል ደግሞ ሳንቃውን ረግጦት የማያውቅ ከሆነ፥ የሚፈርደው በማያውቀው ነገር ላይ ነው። የጀልባ ሆድ የባሕር ነፍሳት እንዳይጣበቁበት መርዝ ባለው ቀለም ይቀባ ነበር፤ ዛሬም ይህ ልማድ ፈጽሞ አልቀረም። ከነዚህ መርዞች ትሪቢዩቲልቲን የተባለው በስዊድን ለትንንሽ ጀልባዎች ከተከለከለ ከ1989 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፥ ቅሪቱ በጀልባ ማሳደሪያ ግቢዎች አፈር ውስጥ ተገኝቷል። አሮጌውን ቀለም በገዛ እጁ የፋቀ ሰው ፍርፋሪው የት እንደ ወደቀ ያውቃል፤ አስፋቂው ግን አያውቅም።

ሁለተኛው እኩልነት ነው። ሀብታሙ በመቀጮ ከተራው የሚያመልጥ ከሆነ፥ መቀጮው የጥፋት ቅጣት መሆኑ ቀርቶ የነጻነት መግዣ ዋጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ማኅበሩ ከፋዮችና አገልጋዮች ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሩሶም በ1762 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው «ማኅበራዊ ውል» በተባለው መጽሐፉ፥ ገንዘብ በአካል አገልግሎት ቦታ መግባቱን ለመንግሥት እንኳ አስጊ ነገር አድርጎ ተመልክቶታል።

ይህን ስንል ሽማግሌውና ሕመምተኛው በብርድ ሌሊት ይቁሙ ማለታችን አይደለም። ሽማግሌው መዝገብ ይያዝ፥ ለሠራተኞቹም ቡና ያፍላ፤ ሐኪሙም ተራውን ከባልንጀራው ጋር ይለዋወጥ። ፍርድ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ሸክም ማሸከም ሳይሆን፥ ማንም ያለ ሸክም እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሥራን ይገዛል፤ ሳንቃም፥ ክሬንም፥ ዘበኛም ያስገኛል። የአባልነትን ስም እንኳ ሊያስገኝ ይችላል። «የእኛ» የሚለውን ቃል በእውነት ለመናገር የሚያበቃው ግን፥ ወደብም ቢሆን፥ የትምህርት ቤት ግቢም ቢሆን፥ ለዚያ ነገር በተራ የቆመ ሰው ድካም ነው።