ልጓም የገባበት አፍ

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» ይህን ተረት የማያውቅ የወሎ ሰው አይገኝም። ጋሸና ላይ፣ የወልድያ፣ የደብረ ታቦርና የላሊበላ መንገዶች በሚገናኙበት፣ ጅዳ ወይም ሪያድ ከርሞ የተመለሰን ወጣት «እንዴት ነበር?» ቢሉት ረጅም ወሬ አይጀምርም። «ያው ካገሩ የወጣ...» ይልና ዝም ይላል፤ የቀረውን አድማጩ ያውቀዋል።

ስንተርተው ግን ትዝ የሚለን አህያው ብቻ ነው፦ ጭነቱ፣ ዱላው፣ ድካሙ። ተረቱ ፈረሱን የጨመረው ቤት እንዲመታለት ብቻ አይመስለኝም። አህያ የሚጫነው ጀርባው ላይ ነው፤ አፉ ነጻ ስለሆነ ሲብስበት ያናፋል። ፈረስ ይከበራል፣ ይሸለማል፣ ገብስ ይቀርብለታል፤ ልጓሙ ግን የሚገባው አፉ ውስጥ ነው። ለቀን ሠራተኛ የሚከብደው ጭነቱ ይሆናል። ሊሰብክ ሊያስተምር ከአገሩ ለወጣ ሰው፣ ከአፉ በቀር ሌላ ዕቃ ላልያዘ ሰው፣ የሚብሰው ልጓሙ ነው።

ለዚህ ከጋፋት ሚሲዮናውያን የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1855 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ ሚሲዮናውያኑን ክራፕፍንና ማርቲን ፍላድን ወደ አዲሱ ንጉሥ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ላኩ። ጎባት ራሳቸው በወጣትነታቸው ጎንደር የሰበኩ ስለነበሩ የአገሩን ጠባይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የታሰቡት የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ። ንጉሡም የፈለጉት ሙያተኛ ነበርና ፈቀዱ። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣቶች ተከታትለው መጡ። ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፊል ዋልድማየር ሲደርስ ዕድሜው ሃያ ስድስት ገደማ ነበር።

የዚህን ወጣት ሳምንት አስቡት። ወንጌል ሊያዳርስ ነው ባሕር የተሻገረው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሚጠብቀው ግን ምድጃና ወናፍ ነው። ከማለዳ ጀምሮ የሚያገኛቸው ሰዎች ንጉሡ ሙያ እንዲማሩ የመደቡለት ናቸው፤ የሚያስተምራቸውም ብረት ማቅለጥ ነው። ለመጽሐፍ ቅዱሱ የሚተርፈው ምሽትና እሑድ ነው፤ ያውም የአገሩን ክርስቲያን ከሃይማኖቱ ሳያስወጣ። ከቤተ እስራኤል ወገን አምኖ የሚጠመቅ ቢገኝ እንኳ የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ክብሩ ግን አልጎደለም። ንጉሡ «ልጆቼ» ይሏቸዋል፤ ልብስ ያለብሷቸዋል፤ በቅሎ ይሸልሟቸዋል። ዋልድማየር የንጉሡን ባለሟል የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ፣ ሱዛን ቤልን፣ አገባ። ከዚያ በኋላ መድፍ ሥሩልን ተባለ። አንችልም ሲሉ አሽከሮቻቸው ታሠሩ። ሞከሩ፤ አልሆነም፤ ደግመው ሞከሩና ሆነ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» ሊል የመጣ ሰው ስሙ ከመድፍ ጋር ቀረ።

ተረቱ የሚለውን አህያ ማየት የፈለገም በዚያው ዘመን ያገኘዋል። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ የንጉሡን ትውልድ የሚያዋርድ ነገር በመጽሐፉ ጽፎ ነበር፤ በ1863 እ.ኤ.አ. ተገረፈ፣ በሰንሰለት ታሠረ፣ መቅደላም ከረመ። እሱ ሲጫን ዋልድማየር ተለጎመ። ማንኛቸው የበለጠ ተጎዳ ብባል መልሴ ብዙ ሰው አይወድልኝም፤ የስተርን ሰንሰለት ቢያንስ አላማው ላይ አላረፈም።

ተረቱ የሚሰናከልበት ቦታ ግን ከጋሸና ብዙም አይርቅም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በቤተ ሆር አድርገው፣ የጅዳን ወንዝ ገደል ወርደውና ወጥተው ደላንታ እስኪደርሱ ወራት ፈጀባቸው። መንገድ አልነበረምና እየተቆረጠ ነው የታለፈው። ያን ገመድ የጎተተው ማን ነው? የጋፋቶቹ ፈረንጆች መንገዱንና ሠረገላውን ሲያበጁ፣ ሲጎትት የዋለው ከገዛ ምድሩ ያልወጣ ወታደር ነው። ንጉሡም ራሳቸው ከሰው መካከል ገብተው ድንጋይ ሲፈነቅሉ ታይተዋል። አገሩ ሆኖ የተጫነ ሰው በዚያ ደጋ ላይ በሺህ ይቆጠር ነበር፤ ተረቱ ስለ እሱ ትንፍሽ አይልም። ይባስ ብሎ ያ መንገድ ኋላ የጠቀመው ንጉሡን ሊወጋ ለመጣው ለእንግሊዙ ለሮበርት ናፒየር ጦር ሆነ፤ እንግሊዞቹ ከቤተ ሆር ወዲያ በንጉሡ ጥርጊያ ነው የሄዱት።

እዚያው ምድር ላይ ሌላ ስደተኛም አለ። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት፤ ከጎጃም፣ ከበጌምድር፣ ከሸዋ የመጣ የቆሎ ተማሪ ሲመላለስባት ኖሯል። የእሱ ጭነት ከማንም አያንስም። ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከሴትዮዋ ቀድሞ የሚደርሰው ውሻው ነው፤ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው አኩፋዳ፣ ትከሻው ላይ ደበሎ። ቁራሹን ይዞ ሲመለስ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ሆኖም ሲመሽ ያ ለማኝ ልጅ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ራሱ የቆጠራትን ጉባኤ ቃና ያሰማል። መምህሩ ያቃናለታል፤ ባልንጀሮቹ ቢሳሳት ይስቁበታል፣ ቢያምርለት ይቀኑበታል። ሌላው ቀርቶ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ የራሱን እንዲናገር ይገደዳል። አገሩ የሚመለሰው መሪጌታ ተብሎ ነው። እንግዲህ ከአህያነት በላይ የሚጎዳው ልጓም ነው ማለቴ ከዚህ ተማሪ የተማርኩት ነው፦ የፈለገውን ያህል ቢጭኑት አፉን አልያዙበትም።

በልማድ ተረቱን የምንጠቅሰው ልጅ ከቤት እንዳይወጣ ስንመክር ነው። መድኃኒቱንም ራሱ ያዝዛል፤ «አገሩ እስኪመለስ» ይላል። ለዋልድማየር ይህ አልሠራም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ በሞቱበት ሰሞን ነጻ ወጣ። መድፍ የሠራ እጁን ይዞ ግን ስዊዘርላንድ ገብቶ አልቀረም፤ ሊባኖስ ወረደ። በ1873 እ.ኤ.አ. ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ በ1915 እ.ኤ.አ. እስኪሞትም የኖረው በሰው አገር ነው። እዚያም ባዕድ ነበር፤ ገንዘብ ሲለምን፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ነው ያረጀው። ጭነቱ አልቀለለለትም፤ መድፍ ሥራልኝ ያለው ግን አልነበረም።