ሰማያዊው የት ሄደ?

ሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ እያለሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢው አጥር ሥር የውሃ አንቁር አበባ ለቅመን ላብ ገባን። የማታውቁት ካላችሁ፣ የውሃ አንቁር በክረምት ገበሬው ከማሳው እየነቀለ የሚጥለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ አረም ነው። አበባው ሚጢጢ ናት፤ ሰማያዊነቷ ግን ጉድ ነው። ሥራችን ቀለሙን ከአበባው ነጥሎ ማውጣት ነበር። ሜታኖል ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርገን አበባዎቹን ዘፈዘፍናቸው። ብዙም ሳይቆይ ፈሳሹ ቀይ ሆነ።

«ሰማያዊው የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አሲድ ነክቶት ነው፣ ያው ነው» አሉኝ የላብ ረዳቱ፤ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፉ።

ግሩፓችን አምስት ነበር። አምስተኛው ዝምተኛ ልጅ ነው። ብርጭቆ ያጥባል፣ ጠርሙስ ላይ ስም ይለጥፋል፣ ስንጨቃጨቅ ደግሞ «ቆይ፣ ይሄን ለምን ነበር ያደረግነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መምህራችን አንድ በአንድ እየጠሩ ማን ምን እንደሠራ ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ «እሱ ምንም አልሠራም» አልኩ። አስቤበት ነው ያልኩት፤ ፍትሕ መስሎኝ ነበር። ልጁ ኮርሱን ወደቀ፣ ከዚያም ዲፓርትመንት ቀየረ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አራታችን ወር ሳይሞላን ተኳረፍን።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ከዓመታት በኋላ የአበባ ቀለም ታሪክ ማንበቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር ኮርንፍላወር ከሚባለው፣ በአውሮፓ የእህል ማሳ ውስጥ ከሚበቅል ሰማያዊ አበባ ቀለሙን ነጥሎ አወጣ። ስሙን ሲያኒን አለው። ትንሽ ቆይቶ ከቀይ ጽጌረዳ ቀለም ሲያወጣ ያገኘው ያንኑ ሲያኒን ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ ሞለኪዩሉ ግን አንድ! ቪልሽቴተር ልዩነቱን ለአሲድና ለቤዝ ሰጠው፤ ሲያኒን አሲድ ውስጥ ቀይ፣ ቤዝ ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል። በዕፅዋት ቀለም ላይ ለሠራው ሥራ የ1915ን የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ችግሩ፣ የኮርንፍላወር ጭማቂ ራሱ አሲዳማ ነው። በዚያ ስሌት ከሄድን አበባዋ ሰማያዊ መሆን አልነበረባትም። ጃፓናዊው ኬይታ ሺባታና ባልደረቦቹ በ1919 «ብረታ ብረት ይኖርበታል» የሚል ሐሳብ አመጡ። ክርክሩ አሥርት ዓመታት ፈጀ። መልሱ የመጣው አሲዱን ትተው፣ ቀለሙን ሳይበታትኑ በውሃና በአልኮል ቀስ ብለው ማውጣት ሲችሉ ነው። በ1992 እነ ታዳዎ ኮንዶ የኛ የውሃ አንቁር ዘመድ የሆነችውን የጃፓን አበባ ቀለም አወቃቀር አሳዩ። በ2005 ደግሞ ሌሎች ጃፓናውያን የኮርንፍላወሩን በኤክስሬይ አዩት፦ ስድስት የአንቶሲያኒን ሞለኪዩል፣ ስድስት ፍላቮን፣ መሐላቸው አንድ አይረን፣ አንድ ማግኒዚየም፣ ሁለት ካልሲየም። ሁሉም ተያይዘው እንደ አንድ አካል ቆመዋል። ሰማያዊው የአንዳቸውም የግል ንብረት አይደለም።

እኔን ያስቆሙኝ ፍላቮኖቹ ናቸው። ለብቻቸው ስታዩአቸው ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀለም አላቸው ለማለት የሚያሳፍሩ ነገሮች ናቸው። አሲድ ውስጥ ነክረህ «አንተስ ምን ቀለም አለህ?» ብትለው፣ ፍላቮን የሚያሳይህ ነገር የለውም። እሱ ሲጎድል ግን ያ ሰማያዊ አይቆምም።

እዚህ ጋ «በቃ፣ ሰውን ነጥሎ መመዘን በደል ነው» ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይሆንም። አንድ ለአምስት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየግሩፑ ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፍ የምታድር አንዲት ልጅ አለች፣ አራቱ በሷ ላብ ኤ ይወስዳሉ። ለሷ ነጥሎ መመዘን ፍትሕ ነው። «እኔን ያበላሸኝ አካባቢዬ ነው» እያለ ሰው የሚበድልም ሞልቷል። ደግሞም ቪልሽቴተር ባይነጥል ኖሮ ጽጌረዳና የማሳ አረም አንድ ሥጋ መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር? ይህ ራሱ ትልቅ እውነት ነው፣ ሰው በዘሩና በሰፈሩ ከፍና ዝቅ በሚልበት አገር ደግሞ ይበልጥ።

ስለዚህ ጥፋቱ መነጠሉ አይመስለኝም። ነጥለን ያገኘነውን መልስ ላልተጠየቀ ጥያቄ ስንሰጠው ነው። «ይህ ነገር ከምን ተሠራ?» እና «ይህ ነገር እዚህ ምን ያደርጋል?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ጃፓናውያኑ አንድ ነገር አድርገዋል፣ እኔ ያላደረግኩትን፦ የነጠሏቸውን ቁርጥራጮች መልሰው ውሃ ውስጥ አዋሃዷቸው። ሰማያዊው ሲመለስ ነው «አሁን አወቅነው» ያሉት። እኔ ልጁን ከግሩፑ አውጥቼ መዘንኩት እንጂ፣ ከሱ ጋር የነበረውን ግሩፕ ያለሱ ከቀረው ጋር አላስተያየሁም። የማስተያየት ዕድሉ ሲመጣ፣ ያ ኩርፊያ ማለት ነው፣ ጥፋቱን በሌላ ሰው አሳበብኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቪልሽቴተር ሲያኒን ራሱ ሙሉ አልነበረም። አበባው ውስጥ ያለው ሞለኪዩል ትንሽ የሰክሲኒክ አሲድ ቁራጭ እንደተለጠፈበት የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቁራጩ በጠንካራ አሲድ በቀላሉ ይረግፋል። መንጠያ መንገዱ ራሱ ያረገፈውን ነገር «የለም» ማለት እንዴት ቀላል ነው።

ባለፈው ዓመት ልጁን ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ረጅም ይቅርታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና አሳጥሬ ላክሁ። ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦

«ኧረ ቆይቷል፣ ተወው። ግን ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነበርኩ እኮ። አንተ ነህ ወደ ንጹሕ የገለበጥከው።»

የድሮ ፋይሎቼን ከፈትኩ። ሠንጠረዡ አለ። ከሥሩ የተጻፈው የአራታችን ስም ነው።