ዳገት የማያውቅ መኪና

ገንዘብ ያለው ሰው፣ ያውም ገንዘቡን በላቡ ያገኘ ሰው፣ ተራራ የሚወጣና ወንዝ የሚሻገር ውድ መኪና ገዝቶ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ብቻ ቢነዳው ምን ኃጢአት አለበት? ይህ ጥያቄ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ተነሥቶ ሦስት ሌሊት አነታርኮናል። ጉቦኛውንና የመንግሥት ላንድክሩዘር ለሠርግ የሚያሰልፈውን ከጅምሩ ወዲያ ብለነዋል፤ እሱን ለመኮነን ፍልስፍና አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ሐቀኛው ገዢ ነው። ቀረጡን ከፍሏል፣ ከማንም አልሰረቀም፣ ለነዳያንም እጁን ይዘረጋል። ታዲያ ምን በድሎ ነው ሲያልፍ በዐይናችን የምንከተለው? ደግሞስ የምንከተለው በቁጣ ነው ወይስ በምኞት? እውነቱን እንናገር ከተባለ በሁለቱም ነው።

ፍርድ ከመስጠት በፊት የተከሳሹን ዘር መጠየቅ ደግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ የእኛ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ መኪና አያት በ1941 ለአሜሪካ ጦር በብዛት መሠራት የጀመረው ጂፕ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለ ነበር የላንድሮቨርን አካል ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ ቀለሙንም ከጦር ኃይሉ የተረፈውን አረንጓዴ ቀቡት። በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ የታሰበው ለገበሬ ነበር። መጋዝና መውቂያ ከሞተሩ ኃይል እየተቀበሉ እንዲዞሩ ተደርጎ የተሠራ የእርሻ አጋሰስ ነበር ማለት ይቻላል። ጃፓኖችም በ1951 የራሳቸውን ሠርተው ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አወጡት፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። በ1970 ሬንጅሮቨር ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ለስለስ አለ። ሆኖም የዚያን ጊዜው ሬንጅሮቨር እንኳ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ወለሉ ጎማ ስለ ነበር ጭቃ ሲበዛበት ውስጡን በውኃ ቱቦ ማጠብ ይቻል ነበር። ፈረንሳዮች በቅርጹ ተደንቀው ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ለትዕይንት አቁመውታል።

ዛሬስ? ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ጀርባ ያሻል፣ መካከሉ ላይ መጠጥ ማቀዝቀዣ አለው። እንግሊዝ አገር የአዲሱ ሬንጅሮቨር ዋጋ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ውስጡን በቱቦ ልጠበው የሚል ሰው ቢመጣ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል። መርሴዲስም በ1979 ለጦርና ለሥራ ብሎ የጀመረውን ያን ባለ ማዕዘን መኪናውን በ2024 በኤሌክትሪክ አውጥቶ፣ ለአራቱም ጎማ ለየብቻ ሞተር ሰጥቶ፣ በቆመበት እንደ እንዝርት እንዲሾር አድርጎታል። መሾሩ በሕዝብ መንገድ ላይ አይፈቀድም። እንዲያው ለመሆኑ የት ሊሾር ነው?

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ይህም መኪና ስለ ትውልዱ ሲጠየቅ የእርሻውን አህያ አይጠራም። ግን አንድ ልዩነት አለ። በቅሎ አባቷን ደብቃ ትኖራለች፤ መኪናው ግን የሚሸጠው በአባቱ ስም ነው። ማስታወቂያው ላይ ቆሞ የምናየው ቢሮ ደጃፍ አይደለም፤ ገደል አፋፍ ላይ፣ አሸዋ ውስጥ፣ ወንዝ መካከል ነው።

የአባቱ ስም ደግሞ ተራ ስም አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽን ባገኙባት ዕለት ከሰፈራቸው የወጡት በላንድሮቨር ነው። ያን ቀን መኪናው ያለ ቦታው አልነበረም። ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስም ብዙውን ጊዜ ላንድክሩዘር ነው፤ ያን ጊዜ ፎርዊሉ ጌጥ አይደለም፣ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው። ሐቀኛው ገዢያችን ከብረቱና ከቆዳው ጋር አብሮ የሚገዛው ይህንን ክብር ነው። ሌሎች በአቧራና በጭቃ ያፈሩትን ታጥቦ ተወልውሎ ይረከበዋል።

ይህ ማታለል ነው ወይ? ከመካከላችን አንዱ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። "እናንተስ የሯጭ ጫማ አድርጋችሁ ሻይ ቤት ትሄዱ የለም እንዴ? ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ዝናብ ካልዘነበ በደለኛ ሊባል ነው?" አለን። ልክ ነው። ያልሠሩበት ችሎታ መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም። የቀድሞ መኳንንትም በብር ያጌጠች በቅሎ የሚቀመጡት ለመንገዱ ብቻ ብለው አልነበረም፤ በቅሎዋ ማዕረግ ነበረች። (ዳገቱን መውጣቷ ግን አልቀረም፤ ይህ ይመዝገብላት።) አሜሪካዊው ቬብለን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ባለጸጎች ሲጽፍ፣ ለታይታ የሚወጣ ገንዘብ ዋናው ነገሩ መባከኑ ነው፤ ካልባከነ አቅምን አያሳይም የሚል ሐሳብ አለው። በዚህ ዓይን ስናየው፣ ዳገት የማይወጣ የዳገት መኪና ከሚወጣው ይልቅ ያስከብራል ማለት ነው። የሚወጣውማ ሥራ አለበት። ነገር ግን ቬብለን ገዢውን ገለጸው እንጂ አልከሰሰውም። ታይታ የሚበላው የባለቤቱን ኪስ ብቻ እስከ ሆነ ድረስ እኛ ምን አገባን? ሳቅንበት፣ ቀናንበት፣ አለፈ።

አሁን ግን መኪናውን ከቆመበት እናንቀሳቅሰው።

"ልጆቼን ለመጠበቅ ነው የገዛሁት" ይላል ሰውየው። ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የከበደን ይህ ነው፤ የአባት መልስ ስለ ሆነ አፍ ያስይዛል። እስቲ በትዕግሥት እንመልከተው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ኪሎ ከሚመዝን መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢጋጭ፣ በትንሿ መኪና ላይ የሚደርሰው የፍጥነት ለውጥ በትልቁ ላይ ከሚደርሰው ሁለት ተኩል ጊዜ ይበልጣል። ይህ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ደብተራችሁን ግለጡ። የሰውየው ልጆች የዳኑበት ክብደት እኮ የትንሿን መኪና ልጆች የሚመታው ያው ክብደት ነው። ደኅንነቱ ከሰማይ አልወረደም፤ የዚያኛው ላይ ተቀንሶ ለዚህኛው ተጨመረ።

በእግሩ የሚሄደውማ ተቀናሽ የሚደረግለት ቆርቆሮ እንኳ የለውም። አሜሪካን አገር በመድን ድርጅቶች የሚደገፍ የመንገድ ደኅንነት ተቋም 18,000 ያህል የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ በ2023 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ ከፍ ያለ መኪኖች ዝቅ ያለና ወደ ፊት ያዘቀዘቀ ኮፈን ካላቸው ይልቅ የመቱትን ሰው የመግደል ዕድላቸው በ45 ከመቶ ያህል ይበልጣል። አርባ ኢንች አንድ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ማለት የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ዝቅተኛ መኪና እግር መትቶ ኮፈኑ ላይ ይጥላል፤ ከፍተኛው ደረትና ራስ መትቶ ወደ ታች ይደፋል። ሕዝቡ አስፋልት ዳር በእግሩ በሚጎርፍበት፣ የእግረኛ መንገዱን ሊስትሮና በቆሎ ጠባሽ በያዘበት ከተማ ውስጥ ይህ የወረቀት ጣጣ አይደለም።

"መንገዱስ? ጉድጓዱስ? ክረምት ሲገባ የሚወርደው ጎርፍስ?" ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የእኛን ከተማ መንገድ ለሚያውቅ ሰው ከፍ ያለ መኪና መመኘት እብደት አይደለም። ግን ያንኑ ጉድጓድ ያው ቶዮታ የሠራው ሚኒባስ ሕዝብ አጭቆ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እየተጣራ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ያልፈዋል። ጉድጓዱ ጎማው ከፍ ያለ መኪና ቢጠይቅም የቆዳ ወንበርና ሁለት ተኩል ቶን አይጠይቅም።

የደመራ ዕለት የሆነውን ልብ ብላችሁ ይሆናል። አንድ አባት ልጁ እንዲታየው ብሎ ትከሻው ላይ ያወጣዋል። ልጁ አየ። ከኋላው የነበረው ልጅ ግን ተጋረደ፤ የዚያም አባት ልጁን ያወጣል፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ትንሽ ቆይቶ ልጆች ሁሉ ትከሻ ላይ ናቸው፣ ማንም ከፊተኛው ይልቅ የተሻለ አላየም፣ የተረፈው የአባቶች አንገት ሕመም ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ፍሬድ ኸርሽ በ1976 ባወጣው መጽሐፍ ዋጋቸው ሌላው ስላጣቸው ብቻ የሆነ ዕቃዎችን ሲመረምር ከዚህ የራቀ ነገር አላለም። ትልቅ መኪና የሚያስገኘው ከፍታ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ነው። እንደ ዓለም አቀፉ የኃይል ድርጅት ከሆነ በ2023 በዓለም ላይ ከተሸጡት መኪኖች ግማሽ ያህሉ፣ 48 ከመቶ፣ እነዚሁ ከፍ ያሉት ናቸው። ልጆቹ ሁሉ ትከሻ ላይ ሊወጡ ተቃርበዋል። ትንሽ መኪና የያዘው ሰው ፍላጎት ሳይኖረው፣ ፈርቶ ብቻ ትልቅ ይገዛል። የመጀመሪያው ገዢ ለራሱ ብቻ የመረጠ መስሎት ለሁላችንም መርጦልናል።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ፒተር ሲንገር ተጠቀሰ። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጥልቀት የለሽ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ያየ ሰው ልብሴ ይበላሻል ብሎ ማለፍ ካልተፈቀደለት፣ በረኀብ የሚሞተውንም ሩቅ ነው ብሎ ማለፍ አይፈቀድለትም ይላል። በዚህ ሚዛን የመኪናው ዋጋ ስንት ሕፃን እንደሚያወጣ ማስላት ነው። ብርቱ ክርክር ነው፤ ስንሰማው እጃችን ሳናስበው የየራሳችንን ኪስ ዳሰሰ። የሲኒማ ትኬታችንን፣ ሁለተኛ ሸሚዛችንን ሁሉ ይከሳላ! አንዳንዶቻችን "በዛ" አልን፤ በዛ ማለት ግን ፈረሰ ማለት አይደለም። ሆኖም ለያዝነው ጉዳይ አይበቃም። በዚያው ገንዘብ ሥዕል ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለም ሰው በሲንገር ፊት እኩል ተጠያቂ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱ እኩል አይመስሉንም። ሥዕሉ የጎረቤት ልጅ አይገጭም።

"ገንዘቡ የራሱ ነው" የሚለውን መልስ የሚያነክሰው ይኸው ነው። ገንዘቡስ የራሱ ነው፤ መንገዱ ግን የራሱ አይደለም። መኪናውን ሲገዛ ከመንገዱ፣ ከአየሩ፣ ከሌላው ሰው ዕድል ላይ የወሰደውን ሻጩ ደረሰኝ ላይ አላሰፈረውም። የፓሪስ ከተማ ሰዎች በየካቲት 2024 ድምፅ ሰጥተው ከባድ የግል መኪና ይዞ ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚከፍለውን የማቆሚያ ዋጋ መሐል ከተማው ላይ በሰዓት ወደ 18 ዩሮ አሳድገውታል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ግማሽ መንገድ ነው እንላለን። ድምፅ የሰጠው ከመቶ ስድስት የማይሞላ ሕዝብ ነበር፤ ደግሞም 18 ዩሮ ለማን ይከብዳል? ለባለ ቆዳ ወንበሩ አይከብድም። የእኛም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለ ጭሱና ስለ ዶላሩ ሌላ ጊዜ እንነጋገር፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ክልከላው መልስ አይሆንም። ከላይ ያነሣነው የኤሌክትሪክ መርሴዲስ ከባትሪው ጋር ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል። ነዳጁ ቀረ እንጂ ኮፈኑ ዝቅ አላለም።

እንግዲህ ሐቀኛውን ሰውዬ ምን እንበለው? ሌባ አንለውም፤ አልሰረቀም። ግን የልጆቹን ሰላም ከሰው ልጆች ላይ ሳያስፈቅድ መግዛቱን እንነግረዋለን። ያ የጫማና የጃንጥላ ተከራካሪያችን እስከ ዛሬ አልተረታም። "መንገዱን ያላስተካከለውን ትታችሁ ልጁን የሚያድነውን አባት ትይዛላችሁ፤ እናንተም ገንዘቡን ስታገኙ እንተያያለን" ይለናል። የመጨረሻዋ ቃሉ እንቅልፍ ትነሣለች። ተመርቀን ደመወዝተኛ ስንሆን፣ የአክሲዮን ትርፍ ስንካፈል፣ አሜሪካ ያለው ወንድማችን "እገዛ ላድርግልህ" ሲል ምን እንደምንል ማንም ከአሁኑ አልፈረመም።

ስለ መኪናው ግን አንድ ነገር ይቀራል። ላንድክሩዘር ቶሎ አይሞትም። ከጃፓንና ከዓረብ አገሮች አሮጌው እየተሸጠ በመርከብ ወደ አፍሪካ ይመጣል፤ የመጀመሪያ ባለቤቱ ከቤት ወደ ቢሮ የነዳው፣ ሁለተኛው ዓርብ ዓርብ አሸዋ ላይ ያጫወተው መኪና ከሦስተኛው እጅ ይገባል። ሦስተኛው ገበያ የሚውል ነጋዴ ነው። የመካከሉ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ የብሎንና የፒንሳ ማስቀመጫ ሆኗል፤ የቆዳው ወንበር ተነሥቶ በቦታው ሽንኩርትና ድንች በማዳበሪያ ተጭኗል፤ ሾፌሩ ፎርዊሉን አስገብቶ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጭቃው ውስጥ ዳገቱን ይያያዘዋል።