ዓላማ በሌንስ ንድፍ ውስጥ የት ይገኛል?

ፍጥረት በዓላማ መሠራቱን ለማስረዳት ዓይንን የጠቀሱ ሊቃውንት ብዙ ቢሆኑም፣ ዓይንን ከሌንስ ጋር አቀራርቦ በመከራከር የእንግሊዛዊውን ካህን የዊልያም ፓሌይን ያህል የታወቀ የለም። ፓሌይ እ.ኤ.አ. በ1802 ባሳተመው «የተፈጥሮ ሥነ መለኮት» በተባለው መጽሐፉ፣ ቴሌስኮፕ ለእይታ ተብሎ መሠራቱ የሚታወቅበት ማስረጃ ለዓይንም በልኩ ይሠራል ብሎ ተከራከረ፤ የቴሌስኮፕ ሠሪዎች የቀለም ብትንን ያስወገዱት፣ እንደ ዓይን ውስጠኛ ክፍሎች ሁሉ ብርሃንን በተለያየ መጠን የሚሰብሩ ነገሮችን አጣምረው መሆኑንም እንደ ትልቅ ድጋፍ ቆጠረው። የክርክሩ መሠረት፣ ክፍሎቹ ተስማምተው ለአንድ ግብ የሚያገለግሉ ነገር ካለ ግቡን አስቀድሞ ያሰበ አእምሮ አለ የሚል ነው።

ዛሬ ሌንስ የሚነደፍበት አንዱ መንገድ ይህን መሠረት እንደገና ያስመረምራል። የዝግመተ ለውጥ አልጎሪዝም የሚባለው የስሌት ዘዴ በ1960ዎቹ በበርሊን በኢንጎ ሬሸንበርግ፣ በአሜሪካ ደግሞ በጆን ሆላንድ ሥራ የተጀመረ ነው። ኮምፒውተሩ የሌንሶችን ጉብጠት፣ ውፍረት፣ ርቀትና የብርጭቆ ዓይነት የሚገልጹ ብዙ ንድፎችን በዘፈቀደ ያወጣል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጨረሮችን በስብረት ሕግ እየመራ፣ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት ሲገባቸው ምን ያህል እንደተበተኑ ይለካል፤ የተሻሉትን ያስቀራል፣ ያዳቅላል፣ ቁጥሮቻቸውን በዕጣ ጥቂት እየለወጠ ለብዙ ትውልድ ይደጋግማል። ጆን ኮዛና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት፣ ከዚሁ ወገን የሆነ ፕሮግራም የሌንሶቹ ብዛት እንኳ ሳይነገረው ከባዶ ተነሥቶ፣ ቀድሞ ፓተንት የተሰጣቸውን ስድስት የሌንስ ሥርዓቶች እንደገና መፈልሰፉን አሳይተዋል።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ወገን «እንግዲያውስ ነዳፊ አያስፈልግም» ሲል፣ ሌላው «ፕሮግራሙ ጸሐፊ አለውና ፍጥረትም አለው» ይላል፤ ሁለቱም ግን ዓላማው በሂደቱ ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ ሳይጠይቁ ይቸኩላሉ። ጥያቄው በዳርዊን ዘመንም ተነሥቶ ነበር። የሃርቫርዱ የዕጽዋት ሊቅ አሳ ግሬይ፣ የዳርዊን ወዳጅና አማኝ ክርስቲያን እንደመሆኑ፣ የተፈጥሮ ምርጫን ከተቀበለ በኋላ የሚመረጡት ለውጦች ራሳቸው በእግዚአብሔር መግቦት ወደሚጠቅም አቅጣጫ ይመራሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1868 የመለሰው፣ ከገደል ወድቀው የተሰባበሩ ድንጋዮችን እየመረጠ ቤት የሚሠራ ግንበኛን ምሳሌ በማድረግ ነው፤ የድንጋዮቹ ቅርጽ ለግንበኛው ሲባል አስቀድሞ ተወሰነ ማለት አይቻልም። የሌንሱ አልጎሪዝም በዚህ ነጥብ ለዳርዊን ይመሰክራል፤ ለውጡን የሚያመጣው ስለ ብርሃን ምንም የማያውቅ የዕጣ ቁጥር ሆኖ ሳለ ጥሩ ሌንስ ይገኛልና።

ዓላማው ያለው በመመዘኛው፣ ማለትም አንድን ንድፍ መርምሮ ነጥብ በሚሰጠው ቀመር ውስጥ ነው። የምስል ጥራት፣ የቀለም ብትን፣ ርዝመትና ክብደት እያንዳንዳቸው ምን ያህል ሚዛን እንደሚደፉ የሚወስነው ሰው ነው። ሆኖም የሰውየው ፈቃድ በቀመሩ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። የብርጭቆ ውፍረት ከዜሮ እንዳያንስ የሚያግድ ገደብ ካልተጻፈ፣ ፍለጋው የፊትና የኋላ ገጾቹ ጠርዝ ላይ እርስ በርስ የሚተላለፉ፣ በስሌት እንጂ በእጅ የማይሠራ ሌንስ አምጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጨረሩ በቀመሩ መሠረት አልፏልና ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ገደቡ ሲጨመር ደግሞ፣ በጥቂት ማይክሮን ዝንፈት ምስሉ የሚበላሽ፣ የትኛውም ፋብሪካ የማይደፍረው ንድፍ ይመጣል። ነዳፊው የፈለገውን በሚገባ የሚያውቀው የማይፈልገውን ካየ በኋላ ነው።

በሕያዋን ዘንድ ከውጭ የሚሰጥ ነጥብ የለም፤ በሕይወት መቆየትና መዋለድ ራሱ መመዘኛ ነው። ዳን ኤሪክ ኒልሰንና ሱዛን ፔልገር እ.ኤ.አ. በ1994፣ ብርሃን ከሚቀበል ጠፍጣፋ የሕዋሳት ንብርብር ተነሥቶ ሌንስ ወዳለው ዓይን ለመድረስ ከ400,000 ያነሰ ትውልድ እንደሚበቃ ያሰሉት እንኳ፣ አጥርቶ ማየትን ራሳቸው መመዘኛ አድርገው ነው።

አንድ የሥነ መለኮት ሊቅ መለኮታዊውን ዓላማ ከለውጡ አንሥቶ ወደ መመዘኛው ቢያዛውር፣ ማለትም ፈጣሪ ብርሃን የሚሰበርበትንና ሕይወት የሚፈተንበትን ሕግ ሰጠ ቢል፣ አቋሙ ከግሬይ ይልቅ የጸና ይሆናል፤ የዕጣው ዕውርነት አይነካውምና። ነገር ግን የፓሌይን የእጅ ባለሙያ ምሳሌ አብሮ ሊይዝ አይችልም፤ ባለሙያው ከውጤቱ ይማራል፣ ሁሉን አዋቂ ግን የሚማረው የለም። በሰው ዓይን ውስጥ የነርቭ ክሮች ከብርሃን ተቀባዮቹ ፊት አልፈው በአንድ ቀዳዳ ስለሚወጡ ምንም የማይታይበት ዕውር ነጥብ አለ፤ በኦክቶፐስ ዓይን ይህ የለም። የሌንስ ነዳፊ እንዲህ ያለውን ጉድለት ገደብ መጻፍ ረስቼ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ መመዘኛውን የሰጠው ፈጣሪ ነው የሚል ሰው ግን ዕውሩን ነጥብ ከመርሳት ሳይሆን ከፈቃድ ሊቆጥረው ይገደዳል።