ያልተከልኩት ሐረግ የማን ነው?

 

ክረምቱ ሲወጣ ሀደሮ ውስጥ አንድ ጓሮ ግቡና ጠይቁ። እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ዝንጅብሉን ማን እንደተከለው ይነግሯችኋል። አጥሩ ላይ ስለወጣው ሐረግ ስትጠይቁ ግን «እሱማ በራሱ የበቀለ ነው» ይሏችኋል። ዘሩን ወፍ ጥሎት፣ ዝናብ አብቅሎት፣ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤት ቡና ላይ ተጠምጥሟል። ጎረቤት ሲቆጣም መልሱ ያው ነው፦ «እኔ አልተከልኩት!»

ሰው ባልተከለው ነገር ይጠየቃል?

ቀላል ጥያቄ አይደለም። ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም አላህ ነግሮናል፤ ሐረጉን ያበቀለውም ሰውየው አይደለም። ግን የፊቅህ ሊቃውንት ስለዘመመ ግድግዳ ያሉትን ተመልከቱ። ሰውየው ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ሠራው፤ ከዓመታት በኋላ ወደ መንገዱ ዘመመ። በሐነፊዮች ዘንድ ባለቤቱ «ግድግዳህ ዘሟል፣ አፍርሰው» ተብሎ፣ ጊዜውም አቅሙም እያለው ከተወውና ከወደቀ፣ ለደረሰው ጉዳት ካሳ አለበት። ሳይነገረው ቢወድቅ ግን የለበትም። ተጠያቂ ያደረገው መሥራቱ አይደለም፤ አውቆ መተዉ ነው። እኔ እንደሚገባኝ «አልተከልኩትም» የሚለው ቃል የሚያገለግለው እስኪነገረን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሐረጉ ሥሩ ያለበት ጓሮ ባለቤት ነው።

የሀደሮ ሰው ይህን በዝንጅብል አይቶታል። በ2004 ዓ.ም አካባቢ የገባውን የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ማንም አልተከለውም፤ በዘርና በአፈር ከማሳ ማሳ ሲሻገር አጥር አላገደውም። ዘሩ መታመሙን ሳያውቅ ለጎረቤቱ ያካፈለና አውቆ የሚሸጥ ሰው አንድ ናቸው የሚል ይኖራል?

የተጎዳው ጎረቤትስ? እሱም ቆንጮራውን ይዞ አይነሳም። በሻፊዒይ መዝሀብ የጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፍ ግቢህ ከገባ መጀመሪያ እንዲያነሳው ትጠይቀዋለህ። እምቢ ካለ ቅርንጫፉን ወደ እሱ ትመልሰዋለህ። አልመለስ ካለ ያኔ ትቆርጠዋለህ። ሐረግ ደግሞ ለጋ ሳለ በቀላሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ነገሩ ቆንጮራ ላይ የሚደርሰው ስንኳረፍ ይመስለኛል። ፀረ አረም ረጭቶ መገላገል የሚቀናው አለ፤ ነፋስ ካለ ግን መድኃኒቱ የሰው እንሰት ላይ ያርፋል፣ እሱም ሌላ ሐረግ ሆነ። ደግሞ ሐረግ ሁሉ ጠላት አይደለም። የሐረገሬሳ ቅጠል ለምች ይታጠናል፤ ለሚፈልገው ሳይነግሩ ከሥሩ መንቀል ደስ አይልም።

አንድ ነገር ቀረ። በግድግዳው ጉዳይ «አቅም» የሚል ቃል አለ። ሐረጉ የበቀለው ብቻቸውን በሚኖሩ አዛውንት እናት ጓሮ ቢሆንስ? ቢነገራቸውም መቆፈር አይችሉም፤ ስለዚህ አይጠየቁም። ሐረጉ ግን እያደገ ነው፣ ጎረቤቱም እየተጎዳ ነው። እናንተ ወጣቶቹ ደግሞ ዶማ አላችሁ፣ ቅዳሜም አላችሁ። አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ፍሬ ሳይጥል ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት፣ ከላይ ብቻ የተቆረጠ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን እንዳይነካ። የአዞ ሐረግ ከሆነ ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላልና እጃችሁን ሸፍኑ።

ወሏሁ አዕለም።