ከመታከት በፊት

በአማርኛችን ድካምና መታከት ለየቅል ናቸው። የደከመው ሰው ይተኛል፣ ይነጋለታል፣ ይነሣል። የታከተው ግን ተኝቶ አድሮም ያው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አካባቢ ቆማችሁ ፊት ብታዩ ሁለቱን ትለያላችሁ። አንዱ ባለባጃጅ ዓይኑን እያሻሸም ቢሆን ከጓደኛው ጋር ይሳሳቃል። ሌላው ገና በጠዋቱ፣ ተሳፋሪ ዋጋ ቢጠይቀው የሚመልሰው በቁጣ ነው። ይህን የምጽፈው ለሁለተኛው ነው፤ ከእርሱም ይልቅ አብረውት ለሚኖሩት።

እኔም እዚያ ደርሼ ተመልሻለሁ። አስተማሪ ነኝ። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ በየቤቱ ልጆች አስጠናለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የቤተሰቡን ሱቅ እይዛለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ስኖር የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም፤ ኪራዩ ይከፈላል፣ እቁቡ ይጣላል፣ ልጆቹ ይማራሉ። አንድ ጊዜ ታላቅ እህቴ ከጨንቻ ወርዳ እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ሰነበተች። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንተ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ልጆችህን በስማቸው ስትጠራ አልሰማሁህም» አለችኝ። ተቆጣኋት። እርሷ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው እውነቷን ነበር። «ና፣ ሂድ፣ ዝም በሉ» ከማለት በቀር ለልጆቼ የቀረኝ ቃል አልነበረም። እኔ ያላየሁትን እርሷ በሦስት ቀን አየችው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ይህንን ነገር ራሱን የቻለ በሽታ አላለውም፤ ለረጅም ጊዜ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው ብሎታል። ምልክቶቹንም ሦስት አድርጓቸዋል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መጥላት፣ እንዲሁም የሠሩት ሥራ ፍሬ ማጣት። ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ። ሥራውን ይወድ የነበረ ነርስ በሽተኛውን «ያ አልጋ ቁጥር አራት» ማለት ሲጀምር፣ ሳቂታዋ ባለሱቅ ደንበኛ ሲገባ ፊቷን ስታጠቁር፣ ጠባያቸው ተበላሸ ብለን ለማማት እንቸኩላለን። ብዙ ጊዜ ግን ጠባይ አይደለም፤ የጉልበት ማለቅ ነው።

ውጥረት በራሱ ክፉ አይደለም። ሰውነት አደጋ ሲያይ ልብን የሚያፋጥን፣ ጡንቻን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ይረግባል። ጉዳቱ የሚመጣው የሚረግብበት ጊዜ ሲታጣ ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ትንሹ ነገር ሁሉ ያስቆጣል።

እዚህ ላይ ለአገሬ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገር። እኛ ቆላ ነን፣ ወባ ጎረቤታችን ናት። ብርድ ብርድ እያለ፣ ራስ እየፈለጠ የሚመጣ ድካም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ለሳምንታት የቆየ ዝለትም ደም ማነስ ወይም ስኳር ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ብቻውንም አይተዉት። ጸሎቱንም አይተው፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ወደ እህቴ ነገር ልመለስ። የታከተ ሰው ራሱን አያይም፤ ቢያይም ራሱን ማቆም ያቅተዋል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያቆመው ይገባል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የወገኖቻቸውን መገደል የሰሙ ወጣቶች በቁጣ አርባ ምንጭ አደባባይ ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች ያደረጉትን አገር ሁሉ አይቷል። እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ አይቻልምና ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። ያ የደም ጉዳይ ነበር፤ ከባጃጅና ከሱቅ ድካም ጋር አላስተካክለውም። ነገር ግን አባቶቹ ከሩቅ ሆነው «ተረጋጉ» አላሉም፤ መጥተው መንገዱ ላይ ተገኙ። እኛ ቤታችን ውስጥ ለዛለው ሰው እንዲህ እናደርጋለን ወይ? ባል ሚስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስትቆም እያየ «በርቺ» ይላታል። ይህ ምክር አይደለም። ምክሩ «ነገ ልጆቹን እኔ አደርሳለሁ፣ ውኃውንም እኔ እቀዳለሁ» ማለት ነው። «አይዞህ» የምትሉት ሰው ካለ፣ ከሸክሙ አንዱን አንሡለትና በሉት።

ሸክም መቀነስን ደግሞ ከእኛ ሙዝ ገበሬ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ወደ ላንቴና ጫኖ ብትወጡ ታገኙታላችሁ። የሙዝ ግንድ አንዴ አፍርቶ ያበቃል፤ ከሥሩ ግን ልጆች ያቆጠቁጣሉ። ጎበዝ ገበሬ እናቲቱን፣ አንዲት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ አስቀርቶ ሌላውን ይቆርጣል። የሚቆርጠው ጤነኛውንና ለምለሙን ነው፤ ሁሉን ካሳደገ ዘለላው ይቀጭጫል። እኛም የምንይዘው ሁሉ ለየብቻው ሲታይ መልካም ስለሆነ ነው መቁረጥ የሚከብደን። ዛሬ ማታ በወረቀት ላይ የተሸከማችሁትን ሁሉ ጻፉ። ሁለተኛው እቁብ፣ አቅም የማይችለው ከሆነ፣ ዙሩ ሲያልቅ ይቅር። «አንተ ካልገባህበት» ተብሎ የተጫነባችሁ ኮሚቴ ይቅር። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚጮኸው የሥራ ቴሌግራም እስኪነጋ ይቆይ። እኔ ከሦስቱ የማታ ጥናት አንዱን ተውሁ፤ ገቢዬ ጎደለ፣ አልዋሽም፤ ሁለት ወር ያህልም ከባለቤቴ ጋር ወጪያችንን እንደገና ስንደለድል ቆየን። ዕድርንና የጎረቤት ቡናን ግን እንዳትነኩ። ሰው ሲዝል አስቀድሞ የሚቀንሰው እነርሱን ነው፤ ሲወድቅ የሚይዙት ግን እነርሱ ናቸው።

በድርጅት ለተቀጠራችሁ ወገኖቼ፣ ዕረፍት ልመና እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሰጥቷል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ፈቃዱን ለመተው ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። ሕግ አውጪው ሠራተኛው ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል አስቦለታል።

ባለባጃጁ ግን ይህ አዋጅ አይደርስለትም። የባጃጁ ባለቤት የቀኑን ገቢ ይጠብቃል፤ ገቢው ሳይሞላ ቁልፍ ማስረከብ የለም። ስለዚህ ልጁ ከጠዋት እስከ ምሽት በሲቀላና በሴቻ መካከል ይመላለሳል፤ ዓይኑ ሲከብደው ጫት ይይዛል። ጫት እንቅልፍን ያባርራል እንጂ አይተካም፤ ያልተከፈለው እንቅልፍ በማግሥቱ ከነወለዱ ይጠይቃል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለማብረድ መጠጥ ይመጣል፤ መጠጥ ቢያስተኛም እንቅልፉን ያጎሳቁለዋል። ባለንብረቶች፣ እባካችሁ፣ አንድ ባጃጅ ለሁለት ልጆች በፈረቃ ስጡ፤ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ገቢ አትጠይቁ። የሴቻ ዳገት በታከተ ነጂ እጅ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አንተም ወንድሜ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታና ተሳፋሪው ሲሳሳ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አቁመህ ሃያ ደቂቃ አሸልብ። ከተሳፋሪ ጋር ልትጣላ ስትል ደግሞ ትንፋሽህን ስበህ፣ ከሳብህበት አስረዝመህ ቀስ ብለህ አውጣው፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ልብ ቀስ ይላል። ቀላል ነው፣ ሞክረው።

የቀደሙት ወገኖቻችን ዕረፍትን ለሰው ፈቃድ አልተዉትም፤ በዓመቱ ውስጥ ቦታ ሰጡት። ማስቃላ፣ የጋሞ መስቀል፣ ሲደርስ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ከንጋት ጀምሮ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ የሚሸምነው የዶርዜ ልጅ መወርወሪያውን አስቀምጦ ወደ አገሩ ይወጣል። ገንዘብ ስለተረፈው አይደለም፤ ብዙው ለመሳፈሪያው ወራት ያጠራቅማል። እዚያ ሲደርስ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ እናቱ መክሳቱን አይታ ትነግረዋለች። ይህን በዓል በስልክ ሰላምታ የተካችሁ ልጆች አላችሁ፤ ዘንድሮ ግን ሂዱ። መሄድ ያልቻላችሁም በዓሉን ቤታችሁ አክብሩት፤ ሱቁ ይዘጋ፣ ስልኩ ይቀመጥ። ፈቃድ የምትወስዱት ከመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ማመልከቻውን በነሐሴ አስገቡ፤ መስከረም ከገባ በኋላ ሁሉም ይጠይቃል።